በእጅ የሚገፋ የደለል መሳቢያ ቱቦ፦ ከ43 ሙከራ በኋላ ያለኝ አስተያየት

ይህን መሣሪያ እንድገዛ ያደረገኝ ሁለት ተማሪዎች ያመጡልኝ የማይገናኝ ልኬት ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር አንድ የረጋ ውሃ እንከታተላለን። ወንዙ ድሮ በዚያ በኩል ይፈስ ነበር፤ መንገዱን ሲለውጥ አሮጌው መውረጃ ውሃ እንደያዘ ጎን ላይ ቀረ። የታችኛው አፉ ዛሬም ከወንዙ ጋር ይገናኛል፤ የላይኛው አፉ ግን ትልቅ ጎርፍ ካልመጣ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ከዚህ በኋላ «የጎን ውሃ» እለዋለሁ። ጥልቀቱን የምንለካው ሴንቲሜትር በተቀባበት የእንጨት ዘንግ ነበር። አንድ ቀን፣ እዚያው ጀልባ ላይ፣ እዚያው ችካል አጠገብ፣ አንዷ ተማሪ 1 ሜትር ከ10 አለች፤ ሌላው 1 ሜትር ከ45 አለ። ሁለቱም ጠንቃቃ ልጆች ናቸው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እሷ ዘንጉን በቀስታ አስቀመጠችው፣ እሱ ትንሽ ገፋ አደረገው። በመካከላቸው ያለው 35 ሴንቲሜትር ውሃ ይሁን መሬት ማንም መናገር አይችልም ነበር።

በመጀመሪያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ክብ ጠፍጣፋ ሳህን አሰርንበት። ሳህኑ ጭቃው ላይ ያርፋል፤ ባዶው ዘንግ ደግሞ ጠንካራው ወለል እስኪይዘው ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት የለስላሳው ደለል ውፍረት ነው። ይህን ማንም ሰው ያለ ምንም ወጪ ሊሠራው ይችላል፤ ቱቦውን ከመግዛታችሁ በፊት እንድትሞክሩትም አጥብቄ እመክራለሁ። እኛ መሐል ላይ 90 ሴንቲሜትር ያህል ለስላሳ ደለል አገኘን። ግን ዘንግ ውፍረትን እንጂ ማንነትን አይነግርም። ከላይ የታጠበ እርሻ ነው? ከዳርቻው የተናደ አፈር ነው? እዚያው በቅሎ እዚያው የበሰበሰ ቅጠል ነው? ለውሃው ሕይወት የሦስቱ ትርጉም ለየቅል ነው፤ መፍትሔያቸውም እንደዚያው። ቱቦውን ያዘዝኩት ለዚህ ነበር።

ከሳጥኑ የወጣው ይህ ነው፦ 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ታችኛው ጠርዙ እንደ ስለት የተሞረደ፤ በማይዝግ ብረት የተሠራ ራስ፣ በውስጡ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ያለበት፤ በጥርስ የሚጋጠሙ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሦስት መቀጠያ ዘንጎች፤ አግድም እጀታ፤ ሁለት የጎማ መክደኛ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ደለሉ ስትገፉት በውስጡ ያለው ውሃ ቫልቩን ከፍቶ ይወጣል፤ ወደ ላይ ስትስቡት ቫልቩ ይዘጋና ወደ ቱቦው የገባው የደለል ዓምድ በውስጡ ተይዞ ይመጣል። የታችኛው ጫፍ ከውሃው ከመውጣቱ በፊት እጃችሁን ሰዳችሁ መክደኛውን መድፈን አለባችሁ። ይህን የሚሠራ ሁለተኛ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሻጩ «አንድ ሰው ብቻውን ይጠቀምበታል» ብሎ ጽፏል። ከጠንካራ መሬት ላይ ቆማችሁ ከሆነ እውነት ነው፤ ከጀልባ ላይ ግን ፈጽሞ አልሞክረውም።

ግልጽነቱን ወድጄዋለሁ፣ ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ። ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች ብረት ስለሆኑ ያመጡትን ለማየት መግፋትና ማውጣት ይጠይቃሉ። ይህኛው ገና ከውሃው ሲወጣ ይታያል። ታሪኩ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ተደርድሮ ብቅ ሲል ጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ከ43 ሙከራ ዘጠኙ ከሽፈዋል፤ ከዘጠኙ ሰባቱ የቫልቩ ጥፋት ናቸው። የቫልቩ ጎማ ቀጭን ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ከገባች አይገጥምም፤ አየር ይስባል። ዓምዱ እስከ ውሃው ወለል ድረስ በሰላም ይመጣና መክደኛው ከመድረሱ በፊት ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነብን ቀን ግማሽ ሰዓት የደከምንበት ዓምድ ዓይናችን እያየ ተመልሶ ገባ፤ ውሃው ላይ የቀረው ቡናማ ደመና ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ናሙና ቀጥሎ ቫልቩን ፈትተን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ልማድ አደረግነው፤ ክሽፈቱም በጣም ቀነሰ። ግን ይህ በመመሪያው ላይ መጻፍ ነበረበት። መመሪያው ሁለት ገጽ ነው፤ ስለ ቫልቩ እጥበት አንድም ቃል የለውም። መለዋወጫ ጎማ ስጠይቅም የተላከልኝ መጠኑ የማይገጥም ነበር፤ ትክክለኛው እስኪደርሰኝ 11 ሳምንት ጠበቅሁ። በዚያ መካከል ጎርፉ መጥቶ ሄደ። ከጎርፍ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ጥፋት አይደለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የዓምዱ ማጠር ነው። ቱቦውን 97 ሴንቲሜትር ገፍተን የወጣልን ዓምድ 79 ነበር። የጎደለው 18 ሴንቲሜትር ወድቆ አይደለም፤ ደለሉ የቱቦውን ግድግዳ እያሸ ሲገባ ይታመቃል፣ ለስላሳው ክፍል ደግሞ ወደ ጎን ይገፋል። ጠባብ ቱቦ ይህን ያብሳል፤ የዚህኛው የውስጥ ስፋት 7 ሴንቲሜትር ስለሆነ መካከለኛ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር መዝግቡ፦ ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደወጣ። አንዱን ብቻ የመዘገበ ሰው ከዓመታት በኋላ ማስታወሻውን ሲከፍት የሚጠቅመው ነገር አያገኝም።

ያንኑ የ79 ሴንቲሜትር ዓምድ በቅርበት ላሳያችሁ፤ መሣሪያው ምን እንደሚችል ከእሱ የተሻለ የሚመሰክር የለኝም። ከላይ 6 ሴንቲሜትር ያህሉ ቱቦው ሲነቀነቅ አብሮ የሚዋልል፣ ውሃም ጭቃም ያልሆነ ቡናማ ነገር ነው። ዘንጋችንን ያታለለው እሱ ነው። ከዚያ እስከ 31 ድረስ ግራጫ፣ ወጥ፣ በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚለሰልስ ደቃቅ ደለል። ሥር የለበትም። ዛጎል የለበትም። 25 ሴንቲሜትር ሙሉ አንድም የሕይወት ምልክት አላየንበትም። ከ31 እስከ 34 ነጣ ያለ የአሸዋ መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ እስኪመስል ቀጥ ያለ። ከሥሩ ቀለሙ ድንገት ይለወጣል፤ ከ34 እስከ 58 ጠቆር ያለ ሆኖ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ዛጎሎችና ፀጉር የመሰሉ ሥሮች ተሰግስገውበታል። ከ58 በታች ጥቁር ነው፤ ቅጠሉ ገና ቅጠልነቱን አልለቀቀም፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ። አንዷ ተማሪ በመርፌ እየለየች 23 ዘር አወጣች፤ አብዛኞቹ የፊላና የሌሎች የውሃ ዳር ሣሮች ነበሩ።

የአሸዋው መስመር ያንን ውሃ ለዕድሜ ልክ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ወሰደን። ቱቦውን አቁመን አሳየናቸው። ጣታቸውን ነጩ መስመር ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ላይኛውን አፍ የደፈነው ጎርፍ ነው። ከዚያ በፊት መሐሉ ላይ መቅዘፊያዬ ታች አይደርስም ነበር» አሉኝ። ጎርፉ የዛሬ 18 ዓመት የሆነ ነው። በዚህ ሒሳብ ከመስመሩ በላይ ያለው 31 ሴንቲሜትር በ18 ዓመት የተከማቸ ነው፤ በዓመት 1.7 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ዓምዱ ስለታመቀ እውነተኛው ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በትዝታ የተቆጠረ ዕድሜ ነውና እንደ መነሻ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አልይዘውም። አቅም ያለው ላቦራቶሪ ከዚህ ርቆ ይሄዳል። የኑክሌር ቦምብ ሙከራ በከባቢ አየር የበተነው ሲዝየም 137 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ጫፍ ላይ ስለደረሰ በዓምዱ ውስጥ የዚያን ዘመን ወለል ያመለክታል፤ በ22 ዓመት ገደማ በግማሽ የሚቀንሰው እርሳስ 210 የሚባል ጨረር አመንጪ የብረት ዓይነት ደግሞ ያለፉትን 100 ዓመታት ያህል ለመቁጠር ይረዳል። ለእነዚህ ሁሉ መነሻው ያልተደበላለቀ ዓምድ ነው፤ ይህ ቱቦ ደግሞ ያንን ይሰጣል።

ወደ ዓምዱ ልመለስ። ለምን ከአሸዋው በላይ ሥርና ዛጎል ጠፋ? ላይኛው አፍ ሲደፈን የጎን ውሃው ጠራርጎ የሚያልፍበትን ጎርፍ አጣ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ሲሞላ ውሃው በታችኛው አፍ ወደ ኋላ ይገባና ቆሞ ይተኛል፤ ተኝቶም የተሸከመውን ያወርዳል። አሸዋ በደቂቃዎች ይወርዳል። ስፋቷ 2 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሁለት ሺኛ) የሆነች የሸክላ ቅንጣት ግን በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ከሦስት ቀን በላይ ይወስድባታል። በዋናው ወራጅ ውስጥ ማረፊያ የማታገኘው ይህች ቅንጣት በጎን ውሃው ታገኛለች። ያ ወጥ ግራጫ ደለል የተፈጠረው እንዲህ ነው።

ጥልቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ነገሩ ራሱን ያባብሳል። ውሃው ጥልቅ በነበረበት ጊዜ ነፋስ የሚያስነሳው ማዕበል ወለሉን አይነካም ነበር። አሁን ይነካል፤ ያን የሚዋልል ቡናማ ነገር በየቀኑ ያስነሳዋል። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፤ ብርሃን ያጣ የውሃ ውስጥ ተክል ይሞታል፤ ወለሉን በሥሩ ጨብጦ የሚይዝ፣ ማዕበሉንም በቅጠሉ የሚያደክም ተክል ሲሞት ወለሉ ይበልጥ ይነሳል። እንደ ካርፕ ያሉ ወለል እየማሱ የሚመገቡ ዓሦች ደግሞ ይጨምሩበታል። ደለሉ ደንጋይና እንጨት ላይ የተጣበቀውን የዓሣ እንቁላል ይሸፍናል፤ የተሸፈነ እንቁላል አየር አያገኝም። ዛጎል ለበሶች ይታፈናሉ። የበሰበሰው ክፍል በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይበላል፤ ኦክስጅን ሲያልቅ ደግሞ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቅና አረንጓዴውን ዋቅላሚ ይመግባል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የጥልቅ ጉድጓዶቹ መሞላት ነው። ውሃው በሚቀንስበት ወቅት፣ በረዶ በሚሸፍንባቸው አገሮችም በክረምት፣ ዓሦች የሚጠለሉት እዚያ ነው። የጎን ውሃው ስፋት ሳይቀንስ መጠለያው ሊጠፋ ይችላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ያው ሐይቅ ነው፤ ለዓሣው ግን ጣሪያና ወለሉ የተጋጠመ ቤት ነው።

ደለል ጠላት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የጎን ውሃ መሞላት የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ሐይቁ ረግረግ፣ ረግረጉ የአኻያ ጫካ ይሆናል፤ በየደረጃው የሚኖርበት ፍጡር አለ። በአውሮፓ በጭቃማና በተክል በታፈነ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሚስጉርነስ ፎሲሊስ የሚባል ዓሣ አለ፤ ኦክስጅን ሲያጥር ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይውጥና በአንጀቱ ይተነፍሳል። ለእሱ ያረጀ የጎን ውሃ ምቹ ቤቱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አሮጌው ሲሞት አዲስ የማይወለድ ሲሆን ነው። ወንዝ በግድብና በድንጋይ ግንብ ተይዞ መንገዱን መለወጥ ሲከለከል አዲስ የጎን ውሃ መሥራት ያቆማል፤ ያሉት ግን መሙላታቸውን ይቀጥላሉ።

ለዚህ በአሜሪካ ያለው የሚሲሲፒ ወንዝ የላይኛው ክፍል ጥሩ ምሳሌ ነው። ለመርከብ የሚሆን 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ያህል ጥልቀት ለማግኘት በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተከታታይ ግድቦች ተሠሩበት። በመጀመሪያ ውሃው ሜዳውን ሸፍኖ ብዙ የጎን ውሃ ፈጠረ፤ ዓሣውም ወፉም በዛ። ከዚያ ማዕበል ደሴቶቹን ሸረሸራቸው፣ ደለል ጥልቁን ሞላው፣ ወለሉ እየተስተካከለ ሄደ። ውሃው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ከፍታ ስለሚያዝ ደለሉ ፀሐይ አይቶ የሚጠነክርበት ጊዜ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 በጋ፣ ፑል 8 በሚባለው ክፍል፣ ግድቡ አጠገብ ውሃውን 45 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አደረጉት። የተጋለጠው ደለል ደረቀ፣ ታመቀ፤ በውስጡ ተኝቶ የነበረው ዘርም በቀለ። ውሃው ሲመለስ የዳርቻው ተክል ሥር ይዞ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ያች 23 ዘር የለቀመች ልጅ «የኛም ዘር ይበቅላል?» አለችኝ። ከጥቁሩ ክፍል የቀረውን እርጥበቱን እንደጠበቀ ሳህን ላይ ዘረጋነው። በስድስተኛው ሳምንት አራት ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ስንት ዓመት ከግማሽ ሜትር ጭቃ ሥር እንደቆዩ አላውቅም፤ ሕይወታቸው ግን አላለቀም ነበር።

መሣሪያው ዋጋውን ያወጣው ከዚህ በኋላ በተደረገው ውይይት ነው። የውሃው ተጠቃሚዎች ተሰብስበው የቀረበው ሐሳብ ሙሉውን መሐል በማሽን መቆፈር ነበር። እኔም ደግፌው ነበር፤ ዓምዱን ካየሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ላይኛው አፍ እስከተደፈነ ድረስ የተቆፈረው ጉድጓድ በታችኛው አፍ በሚገባው ደቃቅ ደለል እንደገና ይሞላል፤ ዘሩን የያዘው ጥቁር ወለልም ከቁፋሮው ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ስድስት ዓምድ በመደዳ ደርድሬ አስረዳሁ። ከላይኛው አፍ አጠገብ ያለው ዓምድ 40 ሴንቲሜትር አሸዋ፣ ወደ ታች በሄድን ቁጥር አሸዋው እየቀጠነ ደቃቁ እየወፈረ ይመጣል። ማንም ሳይንስ ያልተማረ ሰው ውሃውን የዘጋው አሸዋ የት እንዳለ በዓይኑ አየ። የተስማማነው ዘሩን የያዘው ጥቁር ወለል ጋ ሳይደርስ የሚቆም ጠባብ ጥልቅ መስመር ለመጠለያ እንዲቆፈር፣ ዳርና ዳሩ እንዳይነካ፣ የላይኛው አፍ የሚከፈትበት ሁኔታም በባለሙያ እንዲጠና ነው። አፍ መክፈትም የራሱ አደጋ አለው፤ የጎርፉ ጉልበት ካነሰ ከመጥረግ ይልቅ ተጨማሪ አሸዋ ያስገባል። ከቪየና በታች በዳኑብ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከዋናው ወራጅ የተቆረጡ የወንዙን ክንዶች መልሶ ማገናኘት ተሠርቶበታል፤ እዚያም ጥናቱ ከአካፋው ቀድሟል።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? የጎን ውሃ፣ ኩሬ ወይም ረግረግ ለሚከታተል የተማሪዎች ወይም የነዋሪዎች ቡድን፣ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ተኩል ለማይበልጥ ውሃ፣ ለለስላሳ ደለል፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። መቀጠያዎቹ ለ3 ሜትር ተብለው ቢሸጡም ከ2 ሜትር ተኩል በኋላ ዘንጉ ይለምጣል፤ ቱቦውም ቀጥ ብሎ አይገባም። ወለሉ ጠጠር ወይም ንጹሕ አሸዋ ለሆነበት ቦታ አትግዙት፤ አሸዋ ከቱቦው ይፈስሳል፣ ስለቱም ይጎዳል። የእኛ ስለት በአንድ ጠጠር ሁለት ቦታ ተሸርፏል። የዘንጎቹን ጥርስ ከመጋጠማችሁ በፊት በብሩሽ አጽዱ፤ አንድ ጊዜ አሸዋ ይዞባቸው ሁለቱን ዘንግ ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የቫልቩ ጎማ ለብቻው ይሸጣል ወይ፣ ግልጹ ቱቦ ሲያረጅ ተመሳሳዩ ይገኛል ወይ። የኛ ቱቦ በጭረት ብዛት መደብዘዝ ጀምሯል፤ ከውጭ ሆኖ ንብርብሩን ማንበብ እያስቸገረ ነው። ጎማውን በተመለከተ ሦስት ትርፍ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ቀጣዩ ጎርፍ ሳይዘጋጅ አያገኘኝም።